እግዚአብሔርን «አባት» ብሎ መጥራት ለሚከብደው አማኝ

«አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት ከልጅነታችን ጀምረን በቃላችን የምንደግም ክርስቲያኖች ብዙ ነን፤ ይሁን እንጂ ጸሎቱን ዕለት ዕለት እያደረሱ በልባቸው ግን እግዚአብሔርን ጥፋት ፈላጊ ተቆጣጣሪ አድርገው የሚያስቡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አባቱ ወደ ቤት ሲገባ ወደ ጓዳ ይሸሽ የነበረ፣ ወይም አባቱን ጦርነት አለዚያም ስደት ወስዶበት መልኩን እንኳ ሳያውቅ ያደገ ሰው፣ «እግዚአብሔር አባትህ ነው» ሲሉት ፍርሃት ቢሰማው የእምነት ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእንዲህ ያለው አማኝ የታሰበ ነው።

ከሁሉ በፊት መነሻውን መለወጥ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ከወለደን አባት ተነሥተን የእርሱን ጠባይ በማጉላት እግዚአብሔርን ለማወቅ እንሞክራለን። ወንጌል የሚያሳየን መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ፊልጶስ «አብን አሳየን» ብሎ በለመነ ጊዜ ጌታ ኢየሱስ የመለሰለት እርሱን ያየ አብን እንዳየ ነው (ዮሐንስ 14፥8-9)። ስለዚህ ከአራቱ ወንጌላት አንዱን፣ ለምሳሌ ማርቆስን፣ በዝግታ ማንበብ ይጀምሩ፤ ጌታ ማንም የማይነካውን ለምጻም በእጁ ሲዳስስ (1፥40-41)፣ ደቀ መዛሙርቱ የከለከሏቸውን ሕፃናት ሲያቅፍ (10፥13-16) በሚያዩበት ቦታ ሁሉ ቆም ብለው «አብም እንዲህ ነው» ብለው ለራስዎ ይንገሩ። ልብ የለመደውን ሥዕል በአንድ ቀን አይለቅምና ንባቡን አይቸኩሉበት።

ቀጥሎ ሉቃስ 15፥11-32ን ደጋግመው ያንብቡ። ስለ ጠፋው ልጅ ብዙ ስብከት ሰምተን ይሆናል፤ አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠናል። ታናሹ ልጅ በሩቅ አገር ሳለ ያዘጋጀው ንግግር «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» በሚል ልመና የሚያበቃ ነበር (ቁጥር 19)፤ በአባቱ ፊት ሲቆም ግን ያቺን ልመና ሳይናገራት ይቀራል፤ አባቱ ወዲያው ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ እንዲመጣ ያዝዛልና። ደግሞም አባቱ ሮጦ አቅፎ የሳመው ኑዛዜውን ከመስማቱ በፊት ነው (ቁጥር 20)። ኑዛዜው አላስፈላጊ ነበር ማለት አይደለም፤ ልጁ የተናዘዘው በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ነው።

እኔ ግን ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይበልጥ የሚያሠጋን ታላቁ ልጅ ይመስለኛል። እርሱ ከቤት አልወጣም፣ ትእዛዝም አልጣሰም፤ ነገር ግን «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ሲል (ቁጥር 29) በአባቱ ቤት ልጅ ሳለ በአገልጋይ ልብ ይኖር እንደ ነበር ይገልጣል። ጾምዎን፣ ስግደትዎን፣ ምጽዋትዎን ወይም አገልግሎትዎን እንደ ደመወዝ መጠየቂያ ያደረጉት እንደሆነ ራስዎን ይመርምሩ። አባትየው እርሱንም አልተወውም፤ ወጥቶ ለመነው፣ ያለውም ሁሉ የእርሱ እንደሆነ ነገረው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ተጠምቀው የእግዚአብሔር ልጅነትን የሚቀበሉት አንዳች ሥራ ሳይሠሩ መሆኑም ይህንኑ ያስተምረናል፤ መልካም ሥራ ከልጅነት የሚፈልቅ እንጂ ልጅነትን የሚገዛ አይደለም።

በጸሎት ጊዜ «አባታችን ሆይ» ካሉ በኋላ ወደሚቀጥለው ቃል ሳይሻገሩ ጥቂት ይቆዩ፤ ከዚያም የሚያስጨንቅዎን ነገር ሳያሳምሩ ይንገሩት። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «አባ አባት ሆይ» ብሎ የጮኸው እጅግ አዝኖ ሳለ ነው፤ ጽዋው እንዲያልፍለትም በግልጽ ለምኗል (ማርቆስ 14፥33-36)። ጽዋው አላለፈም፤ አባትነቱ ግን በዚያች ሌሊትም አልተቋረጠም። የለመኑት ባይሰጥዎ አልተወደድሁም ብለው ከመደምደምዎ በፊት ይህን ምንባብ ያስቡ።

ስለ ተግሣጽ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዕብራውያን 12 እግዚአብሔር የሚወደውን እንደሚቀጣ ይናገራል፤ ነገር ግን በቁጥር 10 የሥጋ አባቶች መልካም ሆኖ እንደታያቸው እንደሚቀጡ፣ እርሱ ግን ለጥቅማችን፣ ከቅድስናው እንድንካፈል እንደሚቀጣ ይለያል። መከራ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አለመሆኑንም ጌታ ስለ ዕውሩ ሰው ሲጠየቅ በሰጠው መልስ አስረድቷል (ዮሐንስ 9፥1-3)። በቤት ውስጥ የደረሰብዎትን ድብደባ «እግዚአብሔርም እንዲህ ይወዳል» በሚል ትምህርት ማንም እንዲያጸድቅብዎ አይፍቀዱ።

ወላጅ አባትዎ የጎዳዎት ከሆነ መዝሙር 27፥10ን (በአንዳንድ እትሞች መዝሙር 26) ጸሎትዎ ያድርጉት፤ ዘማሪው አባትና እናት ሊተዉ እንደሚችሉ ሳይደብቅ እግዚአብሔር እንደሚቀበለው ይመሰክራል። ይቅርታ ማድረግ ጉዳቱን መካድ ወይም ወደሚጎዳዎት ሰው እጅ መመለስ ማለት አይደለም። ሸክሙን ብቻዎን ከመያዝ ለንስሐ አባትዎ፣ ለመጋቢዎ ወይም ለሚታመን የበሰለ ክርስቲያን ይንገሩ።

ለውጡን ከሁሉ ይልቅ የሚያዩት በወደቁበት ቀን ነው። ከዚህ ቀደም ኃጢአት ሲሠሩ «ትንሽ ልስተካከልና እጸልያለሁ» እያሉ ለሳምንታት ይርቁ ከነበረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነጋ፣ በዚያው ዕለት ማታ ተንበርክከው «አባቴ ሆይ፥ በድያለሁ» ብለው ይጀምሩ።