በአሮጌ የዊንዶውስ 98 ኮምፒውተር ላይ የአይአርኪው ግጭትን መፍታት

ማውሱ ደህና ሲሠራ ቆይቶ ውስጥ የተሰካው ሞደም (በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገናኘው ካርድ) መደወል እንደጀመረ ስክሪኑ ላይ ባለበት ድርቅ የሚል ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ላይበላሹ ይችላሉ። ይህን ችግር ለመፍታት ብዙ ሰው ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ደጋግሞ ይጭናል፤ እኔም ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ሙሉ ቀን ያባከንኩት በዚሁ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ቁጥር እየተሻሙ እስካሉ ድረስ ድራይቨር መቀየሩ ምንም አይፈይድም።

ቁጥሩ አይአርኪው ይባላል። አንድ ዕቃ ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ እንዲያስተናግደው ምልክት የሚልክበት መስመር ሲሆን፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያሉት መስመሮች ከ0 እስከ 15 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹም አስቀድመው የተያዙ ናቸው፤ 1 የኪቦርዱ፣ 6 የፍሎፒው፣ 14 እና 15 የሃርድ ዲስኩና የሲዲ ማጫወቻው ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን 4 ነው፤ ምክንያቱም ኮም ከሚባሉት ሲሪያል ፖርቶች (ማውስና ሞደም የሚጠቀሙባቸው መግቢያዎች) ኮም 1 እና ኮም 3 በተለምዶ 4ን ይጋራሉ፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ 3ን። ስለዚህ ማውሱ ከኋላ በኮም 1 ተሰክቶ ሞደሙ ኮም 3 ላይ ከተደረገ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ መጋጨታቸው አይቀርም።

በመጀመሪያ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ ይወቁ። ማይ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስን፣ ቀጥሎም ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን «ኮምፒውተር» የሚለውን መርጠው ፕሮፐርቲስን ሲጫኑ ቁጥሮቹ ከነባለቤታቸው ይወጣሉ፤ በወረቀት ይገልብጧቸው። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ዕቃ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ምልክቱ አለመኖሩ ግን ግጭት የለም ማለት አይደለም። በተቃራኒው የፒሲአይ ካርዶች (ከአይኤስኤ በኋላ የመጣ የካርድ ዓይነት) አንድ ቁጥር መጋራት ስለሚችሉ፣ «አይአርኪው ሆልደር ፎር ፒሲአይ ስቲሪንግ» የሚል መስመር ከአንድ ካርድ ጋር በአንድ ቁጥር ላይ ቢያዩ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሩት መጋራት የማይሆንላቸው የድሮዎቹ የአይኤስኤ ካርዶች ናቸው።

ኮም 2 ላይ የተሰካ ዕቃ ከሌለ መፍትሔው ቅርብ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ባዮስ፣ ውስጥ ገብተው (በብዙ ማሽኖች ዲሊት የሚለውን ቁልፍ በመጫን) ቁጥሩ ለሞደሙ እንዲለቀቅ ሁለተኛውን ሲሪያል ፖርት (ኮም 2ን) ዲሴብል ያድርጉና መዝግበው ይውጡ። ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ካርዱን ከመንካትዎ በፊት የሳጥኑን ብረት መንካት አይርሱ። ሞደሙ ላይ ሁለት ሁለት መርፌዎችን የሚያገናኙ ጥቃቅን የላስቲክ ቆቦች፣ ማለትም ጃምፐሮች፣ ይታያሉ። የትኛው አቀማመጥ ኮም 2ን እንደሚሰጥ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ላይ ራሱ ታትሟል፤ ጽሑፉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ባትሪ ያስፈልግዎታል። ጃምፐሩን ለኮም 2 እና ለአይአርኪው 3 አድርገው ካርዱን ይመልሱ።

ጃምፐር የሌለው ካርድ፣ ለምሳሌ የድምፅ ካርድ፣ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሪሶርስስ በሚለው ገጽ «ዩዝ አውቶማቲክ ሴቲንግስ» ላይ ያለውን ምልክት አንስተው ቁጥሩን በእጅ ይቀይሩ፤ ግጭት መኖር አለመኖሩን ከታች ያለው ሳጥን ይነግርዎታል። የዶስ ጨዋታ የሚጫወቱ ከሆነ ግን ብዙዎቹ ጨዋታዎች የድምፅ ካርዱን 5 ላይ ስለሚፈልጉት እሱን ትተው ሌላውን ያንቀሳቅሱ።

ዊንዶውስ የቀድሞውን ሞደም አሁንም እንዳለ አድርጎ ከያዘው በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) አስነስተው ዲቫይስ ማናጀርን ይመልከቱ፤ በተለመደው አነሳስ የማይታዩ ድርብ ምዝገባዎች እዚያ ብቅ ይላሉ። ትርፎቹን አጥፍተው እንደገና ካስነሱ በኋላ፣ ሞደሙ እየደወለ ሳለ ማውሱን ስክሪኑ ላይ ዙሪያውን ያንቀሳቅሱት።