«ባክአፕማ አለኝ» የሚሉ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የጥር ሰርግ ሲያልቅ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤቶች ዲስክ ጢም ይላል። ከዚያ አንዱ ዲስክ ይሞትና ስልክ ይደወልልኛል። «ባክአፕማ አለኝ፤ በየማታው ራሱ ይሠራል።» ባክአፕ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ደስ ይላል። «መልሰህ ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?» ስለው ግን «ኧረ እሱንማ...» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፎልደሩ አለ፣ ቀኑ የዛሬ ነው፣ ጊጋባይቱም ጨምሯል። ግን ይከፈታል? ይሄ የትንሽ ሱቅ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ አንድ ሠራተኛው የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት ሰረዘበት። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ሲፈለግ ቦታው ባዶ ነው። የሚቀዳው ፕሮግራም እትሙ ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም ሳይሠራ ቆይቷል። አለመሥራቱን የሚናገረው ኢሜይልም ሰዎቹ ጋ አልደረሰም። የተረፉት ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ በወሰደው ቅጂ ነው፤ እሱም ቢሆን የ6 ሰዓት ያህል ዳታ አጉድሎ።

ስለዚህ በወር አንዴ አንድ ፎልደር በዘፈቀደ ምረጡ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱት። ክፈቱት። ቪዲዮ ከሆነ መጀመሪያውን አይታችሁ አትዝጉ። መብራት ሲሄድ ግማሹ ብቻ የተቀዳ ሰርግ የሙሽራው ቤት ላይ በደንብ ይጫወትና ሙሽሪት ቤት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል።

ቀጥሎ ኢንክሪመንታል ባክአፕ፣ የተቀየረውን ብቻ የሚቀዳው። አርሲንክ የሚባለውን የመቅጃ ፕሮግራም «ሊንክ-ዴስት» በሚለው አማራጭ የሚጠቀሙ ልጆች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው። የየቀኑ ፎልደር ሲከፈት ሁሉም ፋይል ያለ ይመስላል። ታዲያ «የ30 ቀን ቅጂ አለኝ» ይሉኛል። የላችሁም! ያልተቀየረው ፋይል ዲስኩ ላይ የተጻፈው አንዴ ነው። 30ው ፎልደር ለዚያው አንድ ዳታ 30 ስም ነው የሰጠው። ያቺ የዲስክ ቦታ ከተበላሸች 30ውም ቀን አብሮ ይበላሻል። ባክአፑ ውስጥ ገብቶ ፋይል ማረምም እንደዚያው ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራም እዚያው ፋይሉ ላይ ስለሚጽፍ ያለፉትን ቀናት ሁሉ አብሮ ይቀይራል። ሁለተኛ ዲስክ ግዙ። ኤክስፋት በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ዲስክ ደግሞ ሃርድ ሊንክ፣ ማለትም ለአንድ ዳታ ብዙ ስም መስጠት፣ የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቅም።

ታር በሚባለው፣ ፋይሎችን አንድ ላይ በሚያሽገው ፕሮግራም የምትሠሩ ሰንሰለቱን አታርዝሙ። ሰኞ ሙሉውን ቀድታችሁ ከዚያ የተቀየረውን ብቻ ከወሰዳችሁ፣ ሐሙስን ለመመለስ ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ደህና መሆን አለባቸው። ሙሉውን በየጊዜው እንደ አዲስ ቅዱ።

ማረጋገጥ ላይም መሸወድ አለ። አርሲንክ ፋይል መቀየሩን የሚያውቀው በመጠኑና በሰዓቱ ነው። ውስጡ ተበላሽቶ መጠኑና ሰዓቱ እንዳለ ከሆነ አልፎት ይሄዳል። አልፎ አልፎ የፋይሉን ውስጥ የሚያወዳድረውን «ቼክሰም» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ አስኪዱት፤ ግን መጀመሪያ «ድራይ-ራን» አድርጉት፣ ማለትም ሳይቀዳ ምን እንደሚቀዳ ብቻ ያሳያችሁ፣ አለዚያ የተበላሸውን ደህናው ላይ ሊጽፍባችሁ ይችላል። ሬስቲክ የሚባለው የባክአፕ ፕሮግራምም ቢሆን «ቼክ» ስትሉት በራሱ የሚያየው አወቃቀሩን ነው። ዳታውን ራሱን እንዲያነብ «ሪድ-ዳታ» ማለት አለባችሁ። ያቆየዋል፤ ማታ ለቃችሁት ሂዱ።

ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ኤክስተርናሉ፣ ማለትም የውጭው ዲስክ፣ ሳይሰካ ባክአፕ ከጀመረ ቅጂው ዲስኩ ሲሰካ በሚታይበት ባዶ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ማለትም እዚያው የውስጥ ዲስክ ላይ። ፍኖተ ሰላም አንድ የሂሳብ ቢሮ ይሄው ደርሶበት፣ ነገሩ የታወቀው የውስጥ ዲስኩ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ሲቆም ነው። ባክአፑን የሚያስኬደው ስክሪፕት ከመቅዳቱ በፊት ዲስኩ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ ይቁም፣ ይጩህም።

ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ክፍት እያለ ፎልደሩን አትቅዱ። «ዲሊት» የሚለው አማራጭ ያለበት አርሲንክ የድሮ ቅጂ ካልያዘ ባክአፕ አይደለም፤ እዚህ በስህተት ያጠፋችሁትን እዚያም ያጠፋላችኋል።

ዲስኩን ሁልጊዜ ሰክታችሁ አትተዉት። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። በክረምት መብረቁም አለ። አንዱን ዲስክ ሌላ ከተማ አስቀምጡ። ሞጣ እህት ያለው፣ ደጀን አጎት ያለው ሰው ምን ቸገረው? በፋሲካ ሲሄድ ይቀያይረዋል።

ሬስቲክን የምትጠቀሙ፣ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ማንም አይከፍትላችሁም፤ እኔም ጋ አታምጡት። ወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀቱን ግን ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት።