በስቲም ዴክና በስዊች ሹተር ጌም ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንደ ስቲም ዴክና ስዊች ባለ በእጅ በሚያዝ የጌም ኮንሶል ላይ ሹተር (የተኩስ ጌም) ሲጫወቱ ዒላማ የሚስተው ሁልጊዜ በተጫዋቹ ድክመት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሴቲንጉ ከፋብሪካ እንደመጣ ስለሚቀር ነው።

ዋናው ስህተት ጋይሮን አጥፍቶ በስቲክ (በአውራ ጣት በሚገፋው ትንሽ ዘንግ) ብቻ ማነጣጠር ነው። የእነዚህ ኮንሶሎች ስቲክ አጭር ስለሆነ በጣም ትንሽ የጣት እንቅስቃሴ እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ጋይሮ ኮንሶሉ ሲዘነብልና ሲዞር የሚለይ ሴንሰር ነው፤ ለመዞር ስቲኩን፣ ለመጨረሻዋ ጥቂት ማስተካከያ ደግሞ ጋይሮን ይጠቀሙ። በ2017 እ.ኤ.አ. ስዊች ላይ የወጣው ዱም የተባለው ሹተር ሲጀመር ጋይሮ አልነበረውም፤ በኋላ በአፕዴት ተጨመረለት። ስቲም ዴክ ላይ ግን ጌሙ ባይኖረውም ከኮንትሮለር ሴቲንግ ራስዎ ያበሩታል።

ካበሩት በኋላ ሁልጊዜ እንዲሠራ መተውም ሌላ ስህተት ነው። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ እጅዎ ተጣምሞ ይቀራል፤ ወደ ቦታው ሊመልሱት ሲሉ እይታው አብሮ ይሄዳል። ስቲም ዴክ የቀኝ ስቲኩ መነካቱን ስለሚያውቅ፣ ጋይሮው ስቲኩ ሲነካ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ። አውራ ጣትዎን ሲያነሱ ዒላማው ባለበት ይቆማል፤ ያኔ እጅዎን አስተካክለው ይቀጥላሉ።

የጋይሮውን ፍጥነት በተመለከተ፣ ስክሪኑ እጅዎ ላይ ስለሆነ ብዙ ሊያዞሩት አይችሉም፤ ካዞሩት አያዩትም። ስለዚህ ኮንሶሉን 10 ዲግሪ ሲያዞሩ እይታው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ የሚዞርበትን ልክ መነሻ ያድርጉ። ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ መርጠው ከግራም ከቀኝም ይመለሱባት፤ ሁልጊዜ አልፈዋት የሚሄዱ ከሆነ ይቀንሱ። ጋይሮው እንደ ማውስ ሲሠራ አንዳንድ ጌም ማውስና ኮንትሮለር አብረው ሲመጡበት ይደናገርና ስክሪኑ ላይ ያሉት የቁልፍ ምልክቶች ይቀያየራሉ። እንዲህ ሲሆን ጋይሮውን እንደ ስቲክ እንዲሠራ ይቀይሩት፤ ጥራቱ ግን ትንሽ ይወርዳል።

ንዝረቱንም ያጥፉ ወይም ይቀንሱ። በተኮሱ ቁጥር ኮንሶሉ ሲንቀጠቀጥ ጋይሮው ያንን እንደ እጅ እንቅስቃሴ ሊቆጥረው ይችላል። ሳይነኩት እይታው በራሱ ከተንሸራተተ ደግሞ ኮንሶሉን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ካሊብሬት ያድርጉ (ሴንሰሩን ከሴቲንግ ዳግም ያስተካክሉ)። መኪና ውስጥ ግን ሌላ ነው፦ ሾፌሩ በታጠፈ ቁጥር ጋይሮውም ይታጠፋል፤ እዚያ በስቲክ ብቻ መጫወት ይሻላል።

በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ካልሆነ ብሎ መድረቅም አይጠቅምም። ከ35 እስከ 60 የሚዋዥቅ ጌም 40 ላይ ከረጋ ጌም ይልቅ ለማነጣጠር ያስቸግራል። በ60 አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ፣ በ40 25፣ በ30 33.3 ይፈጃል፤ ማለትም 40 በጊዜ ሲለካ ልክ መሃል ላይ ነው። ስቲም ዴክ ላይ ባለሦስት ነጥቡን ቁልፍ ተጭነው ስክሪኑን 40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚታደስ) ያድርጉ፤ 90 ኸርዝ ባለው ኦሌድ ሞዴል 45 ፍሬም ይስማማል። ጌሙ የራሱ የፍሬም ገደብ ካለው ከሲስተሙ በፊት እሱን ይሞክሩ፤ የሲስተሙ ገደብ ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ ያለውን መዘግየት ሊጨምር ይችላል።

የስቲኩን ዴድ ዞን (ስቲኩ ቢገፋም ጌሙ የማይቆጥረውን የመሃል ክፍል) ደግሞ እይታው በራሱ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ዝቅ አድርገው ከዚያ በትንሹ ከፍ ያድርጉት። በብሉቱዝ የእግር ኮቴ ዘግይቶ ስለሚሰማ ገመድ ያለው ጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው አይጫወቱ፤ ሁለቱም ኮንሶሎች አየር የሚስቡት በጀርባቸው ነው።

ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ጸረ-ማጭበርበሪያውን (አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚያግደውን ሶፍትዌር) ሳያጣሩ ጌም መግዛት ነው። ቫሎራንትና ዋርዞን በስቲምኦኤስ (በሊነክስ ላይ በተሠራው የስቲም ዴክ ሲስተም) አይሠሩም፤ አፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፣ በ2024 መጨረሻ ግን ሊነክስን ዘጋ። ካውንተር-ስትራይክ 2 ይሠራል። በጌሙ የስቲም ገጽ ላይ ያለውን የዴክ ምልክት ሳያዩ አይክፈሉ።