ሞላ ያልን ወላጆች የጀርባ ማዘያ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያዋን ማዘያ መርካቶ ስገዛ "ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል" ተብዬ ነው የገዛሁት። ቤት ገብቼ ሳስራት የወገቡ ቀበቶ ክሊፕ ሊገናኝ አራት ጣት ቀረው። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ባለቤቴ በዚያ እኔ በዚህ እየሳብን እንደምንም ዘጋነው፣ ከዛ ልጄን አዝዬ ከሜክሲኮ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቤታችን እስክደርስ ቀበቶው ሆዴን ሰርስሮት ነበር፣ ሳወልቀው ቀይ መስመር ሰርቷል፣ ልጅቷም ወደ ግራ አዘንብላ ነው የመጣችው። ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱ የሰውነቴ መስሎኝ ማዘሉን ተውኩት። ጥፋቱ ግን አመራረጤ ላይ ነበር፣ እና ወፍራም የሆናችሁ እናቶችም አባቶችም እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄዱበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ዋናው ስህተት ሳይለኩ መግዛት ነው። የሱሪ ቁጥራችሁ እዚህ ጋ ምንም አይነግራችሁም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና ቀበቶው በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያችሁን ለኩ፣ ቆማችሁም ቁጭ ብላችሁም፣ ጠዋት የምትለብሱትን ሹራብም ደርባችሁ። እኔ ስለካ 126 ሴንቲሜትር መጣ። ከዛ ሻጩን "ትሆነኛለች?" ብሎ መጠየቅ ትርፉ "አዎ ትሆናለች" መባል ነው፣ መጠየቅ ያለበት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተለቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሆን ነው። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነማ ይሄን ቁጥር ሳታገኙ ገንዘብ አትላኩ፣ አንዴ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መመለስ የለም። ተዘግቶም ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚተርፍ ማሰሪያ ይኑረው፣ ጫፉ ላይ ደርሶ የቆመ ቀበቶ ክረምት ጃኬት ስትደርቡበት አይዘጋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ስፖንጁ ነው። ቀጭን ሰው ላይ ስፖንጅ ያለው ክፍል ዞሮ ፊት ለፊት ይደርሳል፣ እኛ ላይ ግን ጎናችን ጋ ያልቅና ከዛ በኋላ ያለችው ጠባቧ ማሰሪያ ናት ሥጋችን ውስጥ የምትገባው። የትከሻውም እንደዛው፣ ስፖንጁ ብብት ሳይደርስ ካለቀ ብብታችንን ይልጠናል። ስለዚህ ቀበቶው መዘጋቱ ብቻ ሳይሆን ስፖንጁ የት ጋ እንደሚያልቅም በእጃችሁ ዳስሱ።

የማውቃት እናት ደግሞ ወረቀቱ ላይ "እስከ 20 ኪሎ" የሚል አይታ፣ እኔን አይችለኝም ብላ የወደደችውን መልሳ አስቀመጠች። ያ ኪሎ የልጁ ነው፣ የአዛዩ አይደለም! የእናንተን ኪሎ ማንም አልጠየቀም። ብረት ያለው የተራራ ጉዞ ማዘያ ከሆነ ግን ቁጥሩ የዕቃውን ክብደትም ሊጨምር ስለሚችል አንብቡት።

ቀጥሎ ያለው ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ ነው፣ ይሄን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ እኛን ሁላችንንም ያዘለችበት በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ እስካሁን ቁም ሳጥኗ ላይ አለ። አንድ ቀን መጥታ ቀበቶውን እምብርቴ ላይ ሳስር አይታኝ "እሱ ጋ ማን እሰሪ አለሽ? ከፍ አድርጊው እንጂ ልጄ!" አለችና ራሷ ፈትታ ከጡቴ ስር፣ ከሆዴ በላይ አሰረችልኝ። ከዛ ጎንበስ አስባለችኝ፣ ልጅቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ትከሻውን ሳበችው። ቀና ስል ልጄ ጭንቅላቷ በትከሻዬ በኩል ብቅ አለ፣ ክብደቷም ወደ ኋላ መጎተቱን ተወ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሆድ ያለን ሰዎች ሁለት ቦታ አለን፣ ወይ ከሆድ በታች ዳሌ አጥንት ላይ፣ ወይ ከሆድ በላይ። መሀሉ ላይ ከታሰረ ስንራመድ ይንሸራተታል፣ ስንቀመጥ ይታጠፋል። ዳሌ ላይ ሲሆን ክብደቱን ዳሌ ይሸከመዋል፣ ትከሻ ያርፋል፣ በኦፕራሲዮን ለወለድን ግን ቁስሉ እስኪድን የላይኛው ይሻላል። ሁለቱንም ሞክሩ።

ቀበቶ ሲያጥር ደግሞ አብዛኞቻችን ቦርሳ ሰፊ ጋ ነው የምንሮጠው፣ እኔም ሮጫለሁ። ከሌላ ሻንጣ የተነቀለ ማሰሪያና ክሊፕ ቀጥሎልኝ ቤት ውስጥ ስሞክረው "ቀጭ" ብሎ ተዘጋ፣ በእጄ ጠንከር አድርጌ ስስበው ተከፈተ። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ቢሆንስ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል። የተለያየ ፋብሪካ ክሊፕ ወንዱና ሴቱ የገጠመ ሊመስል ይችላል ግን አይይዝም። ማራዘሚያ ከፈለጋችሁ የዛው የማዘያው ካምፓኒ የሚሰራውን ብቻ ግዙ፣ ከሌለው ክሊፕ የሌለውን፣ ረጅም ጨርቅ ኖሮት የሚታሰረውን አይነት ፈልጉ። እንደ አንቀልባው በቋጠሮ ስለሆነ ወፍራም ቀጭን አይልም፣ ቀጭን ባል ካላችሁም ያው አንዱ ለሁለታችሁ ይሆናል። ሰፊ ጋ መውሰድ ያለብን ለስፖንጅ ማልበሻ ብቻ ነው፣ ክብደት የሚሸከመውን ስፌት አታስነኩ።

ደረት ላይ ሁለቱን ትከሻ የምታገናኘዋ ቀጭን ማሰሪያ ጡት ላይ እንዳታርፍ፣ ወደ ላይ አንሸራትታችሁ ብብት ትይዩ አድርጓት። ጉሮሮ ጋ ካልሆነ የማትቆም ከሆነ ያ ማዘያ የእናንተ አይደለም።

ሌላው፣ ሱቅ ውስጥ ባዶውን ለብሶ መስታወት አይቶ መግዛት። ባዶ ማዘያ ሁሉም ይመቻል። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከኋላ የሚደግፍ ሰው ይኑር፣ አስር ደቂቃ ቆማችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ቁጭ በሉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ተነሱ። እንደዚህ አይነቱን የጀርባ ማዘያ ልጁ አንገቱ ጸንቶ ራሱን ችሎ መቀመጥ ሲጀምር፣ ስድስት ወር አካባቢ ነው የሚጀመረው፣ እና የኛ ጀርባ ሰፊ ስለሆነ የትንሽ ልጅ እግር ከልክ በላይ ሊበለጠጥ ይችላል፣ አትቸኩሉ። ጨርቁ ታፋውን እስከ ጉልበት መታጠፊያ ይደግፍ፣ ጉልበቱ ከቂጡ ከፍ ይበል፣ እግሩ ቁልቁል ከተንጠለጠለ ለዳሌው ጥሩ አይደለም። ጠዋት ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ስትደርቡም ፊቱን አትሸፍኑት። ታክሲ ውስጥ ደግሞ አዝላችሁ ወደ ወንበሩ አትደገፉ፣ አውርዱት።

አሁን ልጄ 11 ኪሎ ናት፣ በቋጠሮ የሚታሰረውን ነው የምጠቀመው። ዘምቢሌን አንስቼ ደረጃውን ከመጀመሬ በፊት እጄን ወደ ኋላ ልኬ ጉልበቷን እዳስሳለሁ፣ ከፍ ብሎ ካገኘሁት ቋጠሮዬን አንዴ ሳብ አድርጌ ወደ አራተኛ ፎቅ እንወጣለን።