ፕሮግራሙ ሳይሆን ሎደሩ ነው፦ ኤግዜክ ሲከሽፍ የሚታዩ ምልክቶችና መፍትሄያቸው

ጅማ ላይ የኦኤስ (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፕሮጀክት የሚሰሩ ልጆች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ሁሌ ተመሳሳይ ነው፣ "ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሆኗል ግን ከርነሉ አይጭነውም፣ ወይ ከነጭራሹ ፓኒክ ያደርጋል" (ስህተት ፅፎ ቀጥ ይላል)። ከዛ ሁሉም ሰው ፕሮግራሙን ማገላበጥ ይጀምራል። እኔ የምለው ሎደሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከፋይል አንብቦ ሚሞሪ ላይ የሚጭነውን የከርነል ኮድ፣ እዩት ነው፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር ሲሳካ የሚሰራ ኤግዜክ (የፕሮሰሱን ፕሮግራም በአዲስ የሚተካው ሲስተም ኮል፣ ሎደሩ ያለበት) መፃፍ ቀላል ነው፣ ስራው ያለው ግማሽ መንገድ ላይ ሲከሽፍ የያዘውን ሁሉ አስረክቦ መውጣቱ ላይ ነው። ምሳሌ የማደርገው ኤምአይቲ በ2006 ለማስተማሪያ የሰራውን ኤክስቪ6 የሚባል ትንሽ ኦኤስ ነው፣ ሪስክ-ፋይቭ ፕሮሰሰር ላይ የሚሄደውን ቨርዥን፤ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ሆናችሁ አጂፕ ቤታችሁ ላፕቶፕ ላይ በኬሙ (ኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር) ይነሳል፣ ኤግዜክ ፋይሉም ከ200 መስመር በታች ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ይነበባል።

ምልክት፦ ኤግዜክ -1 ይመልሳል፣ እስከዚህ ሰላም ነው፣ ያንኑ ፕሮግራም ድጋሚ ስትጠሩት ግን ሼሉ ድርቅ ይላል። ፓኒክ የለም ሜሴጅ የለም። ምክንያቱ እናንተ የጨመራችሁት ቼክ ላይ "ጎቱ ባድ" (ወደ ማፅጃው መውጫ ዝለል) በማለት ፈንታ ቀጥታ ሪተርን ብላችኋል፣ ስለዚህ አይኖዱ (ከርነሉ ፋይሉን የሚይዝበት መዝገብ) እንደተቆለፈ ቀረ፣ ቀጣዩ ጥሪ ደግሞ ያንን ሎክ ሲጠብቅ ይኖራል። የፋይል ሲስተም ስራን የሚዘጋው ኤንድ-ኦፕም አልተጠራም ማለት ነው፣ ስለዚህ የፋይል ሲስተሙ ሎግ ኮሚት አያደርግም (የተመዘገበውን ለውጥ አያፀድቅም)፣ ቆይቶ ሌላ ፋይል የሚፅፍ ፕሮሰስም ይተኛል። መፍትሄው አንድ መውጫ ብቻ ይኑራችሁ፣ ሁሉም ስህተት እዛ ይሂድ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። "አይአንሎክ" የሚል ፓኒክ ካያችሁ ሁለቴ ፈታችሁታል። ፋይሉ ተነቦ ካለቀ በኋላ አይኖዱ ይለቀቃል፣ ከዛ አይኖዱን የምታመለክተው አይፒ የምትለዋ ፖይንተር ዜሮ መደረግ አለባት፤ ያቺን መስመር ከረሳችሁ ስታክ (የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ሚሞሪ) ሲዘጋጅ የሆነ ነገር ሲከሽፍ ባድ ጋ ያለው ኮድ "ገና እንደያዝን ነው" ብሎ ድጋሚ ሊለቅ ይሞክራል።

አሁን ወደምወደው። ምልክት፦ ሚሞሪ ሲያልቅ ብቻ የሚመጣ "ፍሪዎክ፦ ሊፍ" የሚል ፓኒክ። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ፔጅ ቴብል (የሚሞሪ አድሬስ ካርታ) ኮዱን መፈታታት ይጀምራል፣ እዛ ግን ምንም የለም። ኦሪጅናሉ ኮድ ሚሞሪ የሚመድበውን የዩቪኤም-አሎክን መልስ (አዲሱን መጠን) መጀመሪያ "ኤስዜድ1" ውስጥ ይቀበላል፣ ዜሮ ካልሆነ ብቻ ወደ "ኤስዜድ" ይገለብጠዋል። አንዳንዱ ይሄ ቫሪያብል ትርፍ ነው ብሎ ያጠፋውና መልሱን ቀጥታ ኤስዜድ ውስጥ ይከታል። እንግዲህ አስቡት፣ የመጀመሪያው ሴግመንት (የፕሮግራሙ ክፍል) ተጭኗል፣ ሁለተኛው ላይ ሚሞሪ አለቀ፣ ዩቪኤም-አሎክ የራሱን ጅምር ብቻ አፅድቶ ዜሮ መለሰ፣ ኤስዜድ ዜሮ ሆነ። ባድ ጋ ስትደርሱ ፅዳቱ "መጠኑ ዜሮ ነው፣ የማነሳው የለም" ብሎ የመጀመሪያውን ሴግመንት ሳይነካው ያልፋል፣ ቀጥሎ ፍሪዎክ ፔጅ ቴብሉን ሊያፈርስ ሲገባ ያልተነሳ ፔጅ (የሚሞሪ ቁራጭ) ያገኛልና ይጮሃል። ልክ ነው መጮሁ። የተበላሸው አፍራሹ ሳይሆን ሂሳብ ያዡ ነው። ኤስዜድ1ን መልሱ፣ ያልቃል።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ይጫናል ግን ትርጉም የለሽ ነገር ይሰራል። ጅማ ላይ ዝናብ ሲጀምር መብራት ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋ የምታውቁት ነው፣ ዴስክቶፕ ላይ ሜክ (ኮምፓይል ማድረጊያው) እየሄደ ከጠፋ ደግሞ ፋይሉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ጥሩ ሎደር ይሄን ይይዘዋል። ፋይሉን የሚያነበው ሪድአይ የሚመልሰው ያነበበውን ባይት ብዛት ነው፣ "ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው" ብላችሁ ብቻ ቼክ ካደረጋችሁ 64 ባይት ጠይቃችሁ 20 ቢመጣም እንደተሳካ ይቆጠራል፣ የቀረው ስታክ ላይ የነበረ ቆሻሻ ነው። ማወዳደር ያለባችሁ ከጠየቃችሁት መጠን ጋር ነው፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያለው ሄደርም ላይ፣ ሴግመንቱን የሚገልፀው 56 ባይቱ ፕሮግራም ሄደርም ላይ፣ እያንዳንዱ ፔጅ ላይም። እዛው ሜምሳይዝ (ሴግመንቱ ሚሞሪ ላይ የሚይዘው) ከፋይልሳይዝ (ፋይሉ ውስጥ ያለው) እንዳያንስ፣ አድሬሱ ከመጠኑ ጋር ሲደመር ከልክ አልፎ ወደ ትንሽ ቁጥር ዞሮ እንዳይመጣ ቼክ አድርጉ። ሊኑክስም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ አንሶ ከተነበበ ኤረር 5 (የማንበብ ወይም የመፃፍ ስህተት) ይመልሳል።

ምልክት፦ ኤግዜክ ሲከሽፍ የጠራው ፕሮሰስ አብሮ ይሞታል። አሮጌውን ፔጅ ቴብል ቀድማችሁ አፍርሳችኋል፣ -1 የሚመለስበት ቤት የለም። ሊከሽፍ የሚችለውን ሁሉ አዲሱ ላይ ጨርሱ፣ ከዛ ቀይሩ፣ አሮጌውን መጨረሻ ላይ ልቀቁ። ሊኑክስ ላይ መመለሻ የሌለው ነጥብ አለ፣ ከሱ በኋላ ሎደሩ ከከሸፈ ፕሮሰሱ በሴግፎልት (የሚሞሪ ጥሰት ሲግናል) ይገደላል፣ ስለዚህ ሜይን ላይ ብሬክፖይንት አድርጋችሁ ሳይደርስ 139 (የሴግፎልት መውጫ ቁጥር) ከወጣ ሜይን ውስጥ ስህተት አትፈልጉ።

ሊኑክስ ላይ ሌላ የሚያደናግሩ ሁለት አሉ። ፋይሉ እያለ "ኖ ሰች ፋይል" ካለ የጠፋው ፋይሉ ሳይሆን እሱ የሚጠራው ዳይናሚክ ሊንከር (ላይብረሪዎችን የሚያገናኝለት ፕሮግራም) ነው፣ በሪድኤልፍ ትእዛዝ ኢንተርፕሪተር የሚለውን፣ ያው ሊንከሩን፣ እዩ፣ አልፓይን የሚባለው ሊኑክስ ላይ የኡቡንቱ ባይናሪ ስታሄዱ የተለመደ ነው። ሁለተኛው፣ ባይናሪ አስነስታችሁ "ሲንታክስ ኤረር" ካለ ሎደሩ ኤረር 8 (የፋይሉን ፎርማት አላውቀውም) መልሷል፣ ሼሉም ስክሪፕት መስሎት ሊያነበው ሞክሯል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ፕሮሰሰር የተሰራ ፋይል ነው። ለዚህ ነው የራሳችሁ ሎደር ሚሞሪ ሲያልቅም 8 እንዳይመልስ የምለው። ሚሞሪ 12 ነው። ለሁሉም አንድ ቁጥር መመለስ ስንፍና ነው፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን ሰው ማንገላታት።

ማስተካከያችሁን ለማየት ከኤክስቪ6 ጋር በሚመጣው ዩዘርቴስትስ ውስጥ ሁለት ቴስት አለ። "ኤግዜክአውት" ሚሞሪ ጨርሶ ኤግዜክ ይጠራል፣ "ባድአርግ" ደግሞ የማይሆን አርጉመንት እየሰጠ 50000 ጊዜ ይደጋግማል፣ በየዙሩ አንድ ፔጅ ቢፈስ የኤክስቪ6 128 ሜጋባይት ሚሞሪ ቴስቱ ሳይጨርስ ያልቃል። ባድአርግ ላይ ከወደቃችሁ ኤግዜክ ውስጥ አትቆዩ፣ አርጉመንቶቹን የሚቀበለው ሲስ-ኤግዜክ ጋ ሂዱ፣ ለእያንዳንዱ የተያዘው ፔጅ ሲከሽፍ ይለቀቅ እንደሆነ እዩ።