እጃችሁ ዘገየ? ከ35 በኋላ ጌም ለምትጫወቱ ችግርና መፍትሄ

በፒኤስ 2 (ፕሌይስቴሽን 2) ዘመን ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ተሸናፊ ይከፍላል ተባብለን የኳስ ጌም ስንጫወት እኔ ከኪሴ ብር የማወጣው ከስንት አንዴ ነበር። አሁን 41 ሞላኝ፣ የእህቴ ልጅ ገና 15 ዓመቱ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈኝ። «በቃ አርጅቻለሁ» ብላችሁ ጆይስቲኩን ልታስቀምጡ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ፣ በእድሜ ከምናሳብበው ነገር ብዙው እድሜ አይደለም።

ችግር፦ ታያላችሁ ግን እጃችሁ አይደርስም

ልጁ ኳሷን በሁለቱ ተከላካዮቼ መሃል ሊያሾልካት እንደሆነ አውራ ጣቱ ጆይስቲኩ ላይ ሦስት ማዕዘኗ ቁልፍ ላይ ሳያርፍ አውቄዋለሁ፣ ተከላካይ ልቀይር ኤል 1 ቁልፉን ስጫን ግን አጥቂው አልፎ ሄዷል። «ጋሼ ዘገየህ እኮ» ይለኛል፣ በፍቅር ነው ግን ያማል።

መጀመሪያ ቲቪውን ፈትሹ። አዲሶቹ ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩት ይዘገያል፣ አንዳንዱ ላይ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይሄዳል፣ እናንተ ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቆይቶ ነው ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ የምስል ምርጫው ላይ ገብታችሁ ጌም ሞድ አድርጉት። እኔ ቤት ይሄ ብቻ ትልቅ ለውጥ አመጣ፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነበር።

ከዛ በኋላም ከዘገያችሁ አዎ እድሜው አለበት፣ አልዋሻችሁም። በ2014 ካናዳ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ስታርክራፍት 2 የሚባለውን የጦርነት ስልት የኮምፒውተር ጌም የሚጫወቱ 3,305 ሰዎችን፣ ከ16 እስከ 44 ዓመት ያሉትን፣ የጨዋታ መረጃ ሲያዩ አይቶ ምላሽ የመስጠት ፍጥነት ከ24 ዓመት ጀምሮ መቀነስ እንደሚጀምር አገኙ። እኔን ያጽናናኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ትልልቆቹ ተጫዋቾች የጎደላቸውን ፍጥነት የሚያካክሱበት ዘዴ ነበራቸው፣ የጌሙን አቋራጭ ቁልፎች (ሾርትከት) ይጠቀማሉ፣ ጨዋታውን ለራሳቸው ያቀሉታል።

ኳስ ላይም ይሄው ይሠራል። ኳስ ከያዘው ልጅ ጋር አትሩጡ፣ በሩጫ አትችሉትም፣ አማካያችሁን ይዛችሁ ኳሷ የምታልፍበትን መስመር ዝጉ፣ የተከላካይ መስመሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት። ሳትሟሟቁ ደግሞ ግጥሚያ አትግቡ፣ አሥር ደቂቃ ልምምድ ላይ ጣታችሁን አፍታቱ።

ችግር፦ ማታ ማታ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ራስ ያማል

ወደ 40ዎቹ ስንገባ የዓይናችን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ነገር ላይ ማተኮር ይከብዳል፣ ስልክ ላይ ጌም የምትጫወቱ ይሄን መጀመሪያ እዛ ነው የምታዩት፣ ስልኩን ከፊታችሁ እያራቃችሁ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ዓይናችሁን ተመርመሩ፣ የማንበቢያ መነጽር ማድረግ ምንም አያሳፍርም። በየመሃሉም ራቅ ያለ ነገር እዩ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ታንኳዎቹን አይና ነው ወደ ቤት ገብቼ ጌም የምከፍተው፣ ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የዋለ ዓይን ያስታውቃል።

ችግር፦ አውራ ጣትና የእጅ አንጓ ያማል

ብዙ ጊዜ ጅማቱ ደክሞ ነው። ጆይስቲኩን ጨምድዳችሁ አትያዙ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አስቀምጡት። ለሳምንታት ከቆየ ሐኪም ይየው።

ችግር፦ ጌሙ ራሱ አላስደስት አለ

ይሄ ብዙ ሰው የሚደብቀው ነው። ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትዘጉታላችሁ፣ ከዛ «ጌም አልወድም ማለት ነው» ትላላችሁ። የጠላችሁት ጌም ላይሆን ይችላል፣ መፎካከሩ ይሆናል፣ የማሸነፍ ጥማት በእድሜ ሲቀንስ ማሰብና ማቀድ ግን እንደወደዳችሁት ይቆያል። ደግሞ ሥራ ውለን ልጅ አስተኝተን የምናገኛት ሰዓት ትንሽ ናት፣ በሷ ሰዓት የማናውቀው ልጅ ኦንላይን ሲቀጠቅጠን ማን ይደሰታል። ታሪክ ያለው፣ ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ ወይ ቡድን የሚያሠለጥኑበት ዓይነት ሞክሩ፣ በየቦታው ሴቭ የሚያደርግ ምረጡ ምክንያቱም መብራት ድንገት ሲጠፋ የሁለት ሰዓት ልፋት አብሮ ነው የሚሄደው።

ከታናናሾቻችሁ ጋር ስትጫወቱ ደግሞ አንዳንዴ አንድ ቡድን ሁኑና ኮምፒውተሩን ግጠሙ። እኛ ባለፈው እሁድ እንደዛ አደረግን፣ እሱ አጥቂውን ያዘ እኔ ተከላካዩን፣ አንዷን ኳስ መስመሯን ዘግቼ ሳስጥላት ዞር ብሎ «ጋሼ ይቺን እንዴት አወቅካት?» አለኝ፣ ጨዋታውን አቁመን አሳየሁት።