የአእምሮ ጤና ተማሪዎች ከኢንሹራንስ ጋር ሲሠሩ የሚሳሳቷቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ በሶሻል ወርክ ወይም በካውንስሊንግ ማስተርሳችሁን የምትማሩ፣ ልምምድ ስትወጡ ማኔጅድ ኬር የሚሉት ነገር ይጠብቃችኋል። ለየትኛው ሕክምና እንደሚከፈል፣ እስከ መቼ እንደሚከፈል የሚወስነው ኢንሹራንሱ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ስለሱ ብዙም አይወራም።

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ከታካሚ ጋር ከተቀመጣችሁ በኋላ በምትጽፉት ማስታወሻ ላይ ነው። አንዱ እንዲህ ይጽፋል፦ «ስለ እናቷ ሞት አወራን። አለቀሰች። ጥሩ ቆይታ ነበር።» የኢንሹራንሱ ገምጋሚ ይህን አንብቦ ሕክምናው ለምን እንደሚያስፈልጋት በምን ይወቅ? ስለዚችው ሴት እንዲህ ቢጻፍስ፦ «በሳምንት አምስት ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚህ ወር ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታለች። ድብርትን በሚለካው መጠይቅ፣ በፒኤችኪው-9፣ ውጤቷ ከ19 ወደ 15 ወርዷል። ዛሬ የሳምንት ውሎዋን አብረን አቀድን፤ ሁለት ቀን ከቤት ልትወጣ ተስማምታለች።» ሕመሙ፣ ኑሮዋን እንዴት እንደጎዳው፣ ምን እንደተሠራና ምን እንደተሻላት ሁሉም አለበት። የተጨመረ ውሸት የለም። እንዲህ መጻፍን እንደ ቢሮክራሲ አትዩት፤ ሕክምናዋ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ይህ ጽሑፍ ነው።

እንዲከፈል ብሎ የምርመራውን ውጤት ማክበድ ደግሞ ሌላው ነው። ብዙ ኢንሹራንሶች የባልና ሚስት አለመግባባትን ብቻውን አይሸፍኑም። «ድብርት ብዬ ልሙላው» ማለት ያጓጓል፤ ግን ማጭበርበር ነው፣ የሰውየው መዝገብ ላይም ይቀራል። ሰዓትም እንደዚያው። ለኢንሹራንሱ ክፍያ ሲጠየቅ ከሚሞሉት የሕክምና ኮዶች 90837 ለ53 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው። 45 ደቂቃ ከተቀመጣችሁ 90834 ብላችሁ ሙሉ።

ሁሉን ነገር ለኢንሹራንስ መዘርገፍም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሂፓ በሚባለው ሕግ መሠረት፣ ለራሳችሁ የያዛችሁትና ከመዝገቡ ለይታችሁ ያስቀመጣችሁት የሳይኮቴራፒ ማስታወሻ የተለየ ጥበቃ አለው። ለኢንሹራንሱ ምን እንደሚላክ ለታካሚው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። የእኛ ሰው «ወሬዬ ይወጣል» ብሎ ይሰጋልና ለሐበሻ ታካሚ ይህን ረጋ ብላችሁ አስረዱት።

ኢንሹራንሱ እምቢ ሲል ዝም ማለት አያዋጣም። በአብዛኛው ይግባኝ ለማቅረብ 180 ቀን አለ፤ አስቸኳይ ከሆነ መልሱ በ72 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ፣ የአእምሮ ሕክምናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ከሌላው ሕክምና የጠበቀ ገደብ እንዳይጥልበት ይከለክላል። ስለዚህ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር ሆናችሁ የተከለከለበትን መስፈርት በጽሑፍ ጠይቁ። ይግባኙንም መስፈርቱን እያያችሁ ነጥብ በነጥብ መልሱ።